«ዝርዝር የለም!» ያሉት ባለሱቆች የራሳቸውን ሳንቲም ሲያስቀርጹ

ሱቅ ገብታችሁ ትንሽ ነገር ገዛችሁ እንበል። ባለሱቁ «ዝርዝር የለኝም» ብሎ ስሙ የተጻፈበት ሳንቲም ቢመልስላችሁ ትቀበላላችሁ? በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሰዉ ይቀበል ነበር። ነገሩ እንዴት እንደሆነ እንንገራችሁ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ በዋናነት ብርና ወርቅ ነበር። ለትንሽ ግዢ የሚሆን የብር ሳንቲም ደግሞ በጣም ደቃቃ ስለሚሆን ለመሥራትም ለመያዝም አይመችም። ከ1613 ጀምሮ ነገሥታቱ ለመረጧቸው ሰዎች ፈቃድ እየሰጡ የመዳብ ፋርዚንግ፣ ማለትም የአንድ ፔኒ ሩብ፣ አሠርተዋል። በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት ግን ይሄም ቆመ። በ1649 ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በሞት ሲቀጣም ክፍተቱን የሞላ አልነበረም። ዳቦና ሻማ በጥቂቱ የሚገዛው ድሃ ተቸገረ፤ ባለሱቁም መልስ አጣ።

ስለዚህ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ገቡበት። ከ1640ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባለሱቆች፣ ባለ መጠጥ ቤቶች፣ ቡና ቤቶች ጭምር ከመዳብና ከነሐስ ቶክን አስቀረጹ። ዛሬ ከ10 ሺህ በላይ ዓይነት ይታወቃል። ክብ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ስምንት ማዕዘንና የልብ ቅርጽ ያለውም አለ።

ላዩ ላይ የባለሱቁ ስም፣ ከተማውና የሥራው ምልክት ይቀረጻል። ማንበብ የማይችል ሰው ምስሉን አይቶ የማን እንደሆነ ይለያል። ብዙዎቹ ላይ ሦስት ፊደላት አሉ፦ አንዱ የቤተሰቡ ስም፣ ሁለቱ የባልና የሚስት ስም መነሻ። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶችም በራሳቸው ስም አስቀርጸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የሳንቲሙ ብረት ከተጻፈበት ዋጋ በታች ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ቶክኑ የባለሱቁ ቃል ነው፤ «መልሰህ ስታመጣው በእውነተኛ ገንዘብ እቀይርልሃለሁ» እንደማለት። የሚሠራውም ባለሱቁ በሚታወቅበት ሰፈር ነው። ሰውየው ቢከስር ወይም አልቀበልም ቢልስ? ጉዳቱ ያው ቶክኑን በእጁ በያዘው ሰው ላይ ነው። ጠፍቶ ያልተመለሰው ደግሞ ለባለሱቁ ትርፍ ይሆናል።

በ1672 ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ የመንግሥት የመዳብ ፋርዚንግና ግማሽ ፔኒ አወጣ፤ የግል ቶክኖቹም ተከለከሉ።

ዛሬ ቶክኖቹ በሙዚየሞች ይታያሉ። የነገሥታት ታሪክ የማያነሳቸው ሻማ ሻጮችና ባለ ቡና ቤቶች ስማቸው እስካሁን ይነበባል፤ ከነሚስቶቻቸው።

እናንተስ፣ የሰፈራችሁን ባለሱቅ ሳንቲም አምናችሁ ትይዙ ነበር? ኮሜንት ላይ ንገሩን።