ዘንገናን የሚጠብቀው ዳገቱ ነው

ከቡሬ ተነሥቶ በጥሊሊ አድርጎ ወደ እንጅባራ የሚሄድ መንገደኛ፣ ልብ ካላለ በቀር፣ ከመንገዱ ጥቂት ፈንጠር ብሎ አንድ ሐይቅ መኖሩን ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል። ዘንገና እንደ ጣና ከሩቅ አይታይም። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ ክብ ውሃ ነው። ከዳር እስከ ዳር ቢለካ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። ጣና እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም እንደማይበልጥ ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ ነገር ሳያስገርመው አይቀርም።

እኛ ዛሬ የተነሣነው ስለ ዘንገና ውበት ለመጻፍ አይደለም። እርሱን ለሥዕል አንሺዎችና ለጎብኝዎች እንተወዋለን። ልንጠይቅ የምንወደው ይህ ውሃ ንጹሕ ሆኖ የሚኖረው በምን ጥበቃ እንደሆነ ነው። ሐይቅ መጠበቅ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው በዳር ቆሞ የላስቲክ ጠርሙስ እንዳይጣል መከልከል ነው። መልካም ነው፤ ይከልከል። ዳሩ ግን የሐይቅ ዋና ጠላት ከውሃው ዳር ሳይሆን ከበላይ፣ ከዳገቱ ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳገቱ ዛፍና ሣር ሲያጣ ክረምቱ አፈሩን ጠርጎ ያወርዳል። ከአፈሩም ጋራ ፎስፎረስ የሚባለው ንጥረ ነገር አብሮ ይወርዳል፤ ለማሳ ማዳበሪያ የሚገዛለት ያው ራሱ ነው። ለጤፍ ምግብ የሆነ ሁሉ ለአልጌም ምግብ ነውና፣ ውሃው ቀስ በቀስ አረንጓዴ ይለብሳል። አልጌው በሞተ ጊዜ ወደ ታች ይሰጥማል፤ ሲበሰብስም በጥልቁ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሰዋል። ወንዝ የሚያልፍበት ሐይቅ ቢሆን ከቆሻሻው ጥቂቱን ይዞ የሚሄድለት ባገኘ ነበር። ዘንገና ግን መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። በቢሾፍቱ ያሉትን የጉድጓድ ሐይቆች የሚያውቅ ሰው የዚህን ነገር መጨረሻ አይቶታል። በብርዱ ወራት የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ከታችኛው ጋራ ሲደባለቅ፣ አየር ያጣው ውሃ ወደ ላይ እየወጣ ዓሣ የሚፈጅበት ጊዜ አለ። በዳር የቆመው ሰው መርዝ ተጨመረ ብሎ ይጠረጥራል እንጂ ከታች የወጣ መሆኑን አይገምትም።

የአዊ ገበሬ ዛፍ መትከል እንዲማር አንመክረውም፤ እርሱ ሌላውን ሊያስተምር የሚችል ነው። ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር በማሳው ተክሎ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጦ ከሰል አክስሎ፣ መሬቱን መልሶ እህል የሚዘራበት ዘዴ በፋግታ ለኮማና በባንጃ የታወቀ ነው። ብዙ ቤተ ሰብ ልጁን ያስተማረበት ሀብት ነው። ነገር ግን ዛፉ ተቆርጦ መሬቱ ታርሶ እህሉ ገና ሳይበቅል ባለው ጊዜ መካከል የሐምሌ ዝናብ ይመጣል። ሜዳ በሆነ ማሳ ጉዳቱ ብዙ አይደለም። ወደ ሐይቁ በሚያዘነብለው ዳገት ላይ ቢሆን ግን ልዩ ነገር ነው። ስለዚህ ለሽያጭ የሚተከለው ዛፍ በውጭ በኩል ሆኖ፣ በውስጥ በኩል ያለው የማይቆረጥ የአገር ዛፍ እንዲሆን የሚያደርግ ደንብ ያስፈልጋል። ለዚህም ሲባል ማሳ የሚቀርበት ገበሬ ቢኖር ካሣው መታሰብ አለበት፤ በባዶ ምክር የሚለቅ ሰው የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

የዘንገና ዕድል እዚህ ላይ ነው። የጉድጓድ ሐይቅ በመሆኑ ውሃ የሚያወርድለት መሬት ጠባብ ነው። አንድ ጎልማሳ በግማሽ ቀን ዞሮ ሊጨርሰው የሚችለውን ቀለበት መጠበቅ ማለት ሐይቁን መጠበቅ ነው። ጣና እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ከጥሊሊ ወደ ሰከላ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ግሽ ዓባይ ይደርሳል፤ ከዚያ የሚመነጨው ግልገል ዓባይ የጣና ዋነኛ መጋቢ ሆኖ ከየማሳው የተሸከመውን አፈር በአፉ ላይ እየከመረ መሬት ሠርቷል። ከርብ፣ ከጉማራና ከመገጭ የሚመጣው፣ ከባሕር ዳርና ከጎንደር ከተሞች የሚወርደውም ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ በጣና መታየቱ በተነገረ ጊዜ ብዙዎቻችን እንደ ድንገተኛ እንግዳ ቈጠርነው። አረሙ በእርግጥ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ማዕዱ ግን ከእኛው ዳገት ሲወርድ የቆየ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሕዝብ በዘመቻ ወጥቶ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ያን ድካም የምናቃልለው አይደለም። ይሁን እንጂ አረም መንቀልና ማዳበሪያውን ማቆም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የተበላሸ የከተማ ሐይቅ ሊድን እንደሚችል ደግሞ ምስክር አለ። በአሜሪካ የሲያትል ከተማ ሰዎች የከተሞቻቸውን ፍሳሽ በየማጣሪያው እያሳለፉ ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ ይለቁ ነበር። ማጣሪያው ሽታውን ቢያስቀርም ፎስፎረሱን አላስቀረውም። እ.ኤ.አ. በ1955 ኤድመንድሰን የተባሉት የዩኒቨርሲቲ መምህርና ባልደረቦቻቸው ያልተለመደ አልጌ አግኝተው ምን እንደሚከተል አስቀድመው ተናገሩ። ፍሳሹን ከሐይቁ የሚያርቅ ድርጅት እንዲቋቋም በ1958 መጋቢት ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ሐሳቡ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ተሻሽሎ ቀርቦ አለፈ። ወጣት ሹማምንት ይህችን ልብ እንዲሏት እንወዳለን፤ በመጀመሪያው ስብሰባ የወደቀ ሐሳብ ሁሉ የሞተ አይደለም። ከ1963 እስከ 1968 ፍሳሹ ተጠልፎ በሌላ መንገድ ሄደ፤ ሐይቁም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠራ። ወጪው ግን ለአንድ ትልቅ ከተማም የሚከብድ ነበር።

ለእኛ አገር ከተሞች ጊዜው ገና አላለፈም። እንደ ጥሊሊና እንደ እንጅባራ ያለ ከተማ ሲያድግ ላቫጆ ይከፈታል፣ ሆቴል ይሠራል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ይበዛል። ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠየቀው ፈቃዱ ሲሰጥ መሆን አለበት እንጂ ሕንጻው ካለቀ በኋላ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለዚህ በቂ ሥልጣን ሰጥቷል፤ የጎደለው በማዘጋጃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ገልጦ የሚያነበው ነው።

ተማሪዎችስ? ሴኪ የተባሉ ኢጣሊያዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1865 የሞከሩት መሣሪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አንድ ስንዝር ያህል ስፋት ያለው ነጭ ሰሃን ነው። ክብደት ታስሮበት፣ በየሜትሩ በተቋጠረ ገመድ ከጀልባ ላይ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ከዓይን ሲሰወር ገመዱ ይለካል። ይኸው ነው። የድስት ክዳን ነጭ ቀለም ቢቀባ ያገለግላል። በጥሊሊ ወይም በእንጅባራ ያለ አንድ ትምህርት ቤት በየወሩ እንዲህ እየለካ በደብተር ቢይዝ፣ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ደብተሩን እየተቀበለ ውሃውን ቢመረምር፣ ዳገቱ ላይ የሆነውን ሁሉ ገመዱ ይናገራል። የመጀመሪያው ልኬት ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት፣ ሁለተኛው ዝናቡ ሲያባራ በመስከረም ቢሆን እንመርጣለን፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ክረምቱ ያወረደውን አፈር ያሳያልና።