ወስፌና መርከብ፦ ባሕር ላላዩ ልጆች የሚሆን የሥዕል ውድድር

ልጆቻችን በደብተራቸው የመጨረሻ ገጾች ላይ ምን እንደሚስሉ ስንቶቻችን እናውቃለን? አብዛኞቻችን የምናውቀው «ደብተር በከንቱ አለቀ» ብለን በተቆጣን ዕለት ብቻ ነው። መኪና፣ ፈረስ፣ ጠመንጃ፣ ቤት፣ አንዳንዴም መርከብ እናያለን። ባሕር ያላየ ልጅ መርከብ ሲስል ስናይ ደግሞ ፈገግ ብለን እናልፋለን። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ይኸንኑ ፈገግ ብለን የምናልፈውን ነገር ነው።

በሌሎች አገሮች የታሪክና የመርከብ ወዳጆች አንድ ዓይነት የሥዕል ውድድር አላቸው። ተወዳዳሪው ከዚህ ቀደም ያልነበረ የጦር መርከብ ከራሱ አፍልቆ ይነድፋል። ደንቡ አጭር ነው፤ መርከቡ የፈጠራ ይሁን፣ ዘመኑ ግን እውነተኛ ይሁን። በዚያ ዘመን ያልነበረ መሣሪያ፣ ያልታወቀ ብረት ወይም ሞተር መጨመር አይፈቀድም። ስለዚህ ሠዓሊው እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል፤ እንጨቱ ከምን ነበር? በምን ተያያዘ? ነፋሱ ከወዴት ይመጣል? የሰዉ ቁጥር ስንት ነው? ምን ይበላል?

ታዲያ ይኸው ውድድር በእኛ ትምህርት ቤቶችና በየቤታችን ቢካሄድ የትኛውን መርከብ እንሳል? መልሱ ከታሪካችን ውስጥ አለ። በ6ኛው ምዕተ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ካሌብ በናግራን ክርስቲያኖች ላይ የደረሰውን ግፍ ሰምቶ፣ እ.ኤ.አ. በ525 ግድም ሠራዊቱን በቀይ ባሕር አሻግሮ ወደ ሒምያር፣ ማለት ወደ ዛሬዋ የመን ዘምቷል። መርከቦቹ የተሰባሰቡት ዛሬ በኤርትራ ምድር በሚገኘው በአዱሊስ ወደብ ነበር። የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በዚያን ጊዜ አዱሊስ ላይ ተገኝቶ ንጉሡ ለዘመቻ ሲዘጋጅ እንደነበረ ጽፏል። ይሁን እንጂ የእነዚያን መርከቦች መልክ የሚያሳይ ሥዕል አልደረሰንም። ለውድድሩ የሚመቸውም ይኸው ነው። ሁሉም ልጅ ከባዶ ወረቀት ይጀምራል፤ የሚቀዳው ሥዕል የለውም።

«የምጽዋ ልጅ ቢሆን ይስለው ነበር፤ የዘመሮ ልጅ ግን ምኑን አይቶ?» የሚል ወላጅ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዘመሮ በመንዝ ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ የሚታየው ገብስ፣ በግና ጉም ነው እንጂ ሸራ አይደለም። ሆኖም ስለ አዱሊስ ዘመን መርከብ የተጻፈውን ብናነብ ነገሩ ከዘመሮ እምብዛም ሩቅ ሆኖ አናገኘውም።

በካሌብ ዘመን የነበረው የቢዛንጥዮን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮጲዮስ በዚያ ባሕር ላይ የሚመላለሱት መርከቦች እንደ ሌሎቹ በብረት ሚስማር የተመቱ ሳይሆኑ በገመድ የተያያዙ መሆናቸውን ጽፏል። በጊዜው አንዳንድ ሰዎች «በባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው» ይሉ ነበር። ፕሮኮጲዮስ ግን ይህን አልተቀበለም። የሮማውያን መርከቦች ብዙ ብረት ይዘው በዚያው ባሕር በደኅና ይሄዳሉና ብሎ፣ ምክንያቱ የብረት እጦት መሆኑን አስረድቷል። የተሰፋ መርከብ ሌላም ጥቅም ነበረው። ሳንቃዎቹ በገመድ ስለተያያዙ ማዕበል ሲመታው ወይም አሸዋ ላይ ሲያርፍ ጥቂት ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ መርከቡ የሚሰፋ ነበር። ሠሪው የሳንቃውን ጠርዝ ይበሳል፣ ገመድ ያሾልካል፣ ያጠብቃል፣ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ያልፋል። ይህን ሥራ ከመሶብ ሰፊ የበለጠ ማን ያውቀዋል? እናቶቻችን ስንደዶውን ይዘው በወስፌ እየበሱ፣ አክርማውን እያሾለኩና እያጠበቁ መሶብና ሰፌድ ሲሠሩ የኖሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ገመድም ቢሆን ለመንዝ ሰው እንግዳ አይደለም። የመንዝ ጓሳ ሣር በአካባቢው ሕዝብ ሥርዓት ተጠብቆ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲያገለግል የኖረ ነው። በጣና ሐይቅ ላይም ታንኳ ከደንገል ታስሮ ይሠራል፤ ሚስማር አይነካውም።

እንበልና በዘመሮ አንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪ እርሳሷን ይዛ ስፌት ከያዙት እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ሁለት ሳንቃ ያለ ሚስማር እንዴት ይያያዛል?»

«ምነው ልጄ፣ በር ልትሠሪ ነው?»

«አይ፣ መርከብ ነው።»

«መርከብ! ባሕሩ የታለና?»

«ባሕሩማ ወረቀቱ ላይ ነው።»

እናት ይስቁና ወስፌውን ያሳይዋታል፤ «በይ እይ። ትበሺዋለሽ፣ ታሾልኪያለሽ፣ ታጠብቂያለሽ። ካላጠበቅሽው ዱቄቱ ይፈስብሻል።»

ይህች ልጅ መርከቧን ስትስል የስፌቱን መስመር አትዘነጋም። እናትም «እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ ስለ ትምህርትሽ ምን አውቃለሁ» ማለታቸው ይቀራል። የዚህ ውድድር ትልቁ ጥቅም፣ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ ሽልማቱ ሳይሆን ይኸው ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ያመጣውን ጥያቄ እናት በእጇ ሙያ ስትመልስለት የእናትም ሙያ፣ የልጅም ትምህርት ይከበራል።

ሌላው የሚገኘው ትምህርት ልክን ማወቅ ነው። ልጆች የጦር መርከብ ሲስሉ ፎቅ በፎቅ፣ መድፍ በመድፍ ላይ መደርደር ይወዳሉ። በዚህ ግን ልጆች ብቻ አይደሉም የተሳሳቱት። የስዊድን ንጉሥ ያሠራው ቫሳ የተባለ መርከብ 64 መድፎች ተጭነውበት፣ በጌጥ ተንቆጥቁጦ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1628 ከስቶክሆልም ወደብ ተነሣ። ከላዩ ስለከበደ ግን ቀላል ነፋስ አጋድሎት በመጀመሪያ ጉዞው፣ ገና ከወደቡ ሳይርቅ ሰጠመ። ከባሕር የወጣው ከ333 ዓመት በኋላ በ1961 ነው። ልጆች ይህን በቤታቸው ሊፈትኑት ይችላሉ። ግማሽ ቅል በገበቴ ውኃ ላይ አንሳፍፈው ጠጠሩን መጀመሪያ ከውስጥ ከሥር፣ ቀጥሎም አፉ ላይ እንጨት አጋድመው ከላይ ይጫኑበት። የቱ እንደሚገለበጥ ያያሉ፤ ሥዕላቸውንም ራሳቸው ያርማሉ።

ከዚያ ደግሞ የስንቁ ጉዳይ ይመጣል። በመርከቡ ላይ 40 ሰው ለ5 ቀን ቢጓዝ፣ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ውኃ ቢታሰብ 600 ሊትር ያስፈልጋል። ይህ በ20 ሊትር ጀሪካን 30 ጀሪካን ነው። በካሌብ ዘመን ጀሪካን ስላልነበረ ልጁ ውኃውን በምን ዕቃ እንደሚያኖር፣ ዕቃው በማዕበል እንዳይሰበር እንዴት እንደሚደግፈው ማሰብ አለበት። እሳትስ በእንጨት መርከብ ላይ የት ይነዳል? ካልነደደ ምን ይበላል? በሶ በጥብጦ፣ ቆሎና ድርቆሽ ይዞ መንገድ መውጣትን የሚያውቅ ቤት ለዚህ መልስ አያጣም። ሒሳቡ፣ ታሪኩና የቤት አያያዙ በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ።

«ልጆቻችንን ለምን በጦር መርከብ እናጫውታቸዋለን? ጦርነት አነሰን?» የምትል እናት ብትኖር ልትደመጥ ይገባታል። ልጆች ጦርነት በቃል ተሸፋፍኖ ሲነገራቸው ጨዋታ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ከውድድሩ ደንብ አንዱ ይህ ቢሆን መልካም ነው፦ መርከቡን የሳለ ልጅ በባሕሩ ዳር ቆመው የሚሸኙትንም ይሳል። እናት፣ ሚስት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ በሥዕሉ ላይ ይታዩ። ያን ጊዜ መርከቡ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ሰው የጫነ መሆኑ ይታወቃል።

ውድድሩን ለማካሄድ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ፣ የካርቶን ክዳን፣ እርሳስ ወይም ከሰል ይበቃል። ለዳኝነቱ አንድ የታሪክ መምህር፣ አንድ አናጺና አንዲት ስፌት አዋቂ እናት ቢቀመጡ ይመረጣል። መምህሩ ዘመኑን፣ አናጺው እንጨቱን፣ እናት ደግሞ ስፌቱንና ስንቁን ይመርምሩ። ነጥብ ሲሰጥም ከሥዕሉ ውበት ይልቅ ልጁ «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ለሚሰጠው መልስ ብልጫ ይኑረው። ሴቶች ልጆች ከዚህ ውድድር እንዳይቀሩ ወላጆች ጥንቃቄ ያድርጉ። ውኃ ልትቀዳ፣ እንጨት ልትለቅም ስትሮጥ የምትውል ልጅ የምትስልበት አንድ ሰዓት ካላገኘች ወስፌን ከመርከብ ጋር የማገናኘት ዕድሏ ከወዲሁ ይዘጋል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሕር ኃይሏን አቋቁማ ምጽዋ ላይ ባሕረኞችን ስታሠለጥን፣ ከደጋ መንደር ሄደው ማዕበል የለመዱ ብዙ ወጣቶች ነበሩ። አገሪቱ ዛሬ የራሷ ጠረፍ የላትም፤ ባሕር ኃይሉ ግን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና ሲደራጅ ቆይቷል። ከልጆቻችን ስንቱ ባሕረኛ፣ ስንቱ መሐንዲስ እንደሚሆን ከወዲሁ መናገር አይቻልም። ዛሬ ማታ ግን ደብተራቸውን ገልጠን የሳሉትን ማየት፣ ከመቆጣታችን በፊትም «ይህ በምን ተያያዘ?» ብለን መጠየቅ እንችላለን።