ሕመም የማይሰማው እጅ

ሥጋ ደዌ ጣት በልቶ ይጥላል ሲባል ብዙዎቻችን ሰምተን አድገናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው የበሽታው ባክቴሪያ፣ ቀዝቀዝ ያሉ የሰውነት ክፍሎችን መርጦ በቆዳና በነርቮች ውስጥ ይሸሸጋል። የሚራባው እጅግ በዝግታ በመሆኑ፣ ምልክቱ እስኪታይ ዓመታት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ነርቭን የሚጎዳው ግን ባክቴሪያው ብቻ አይደለም። የራሳችን የበሽታ መከላከያ ሥርዓት የተሸሸገውን ጠላት ሲያጠቃ ነርቩ ያብጣል፤ መሸሸጊያ የሆነውም አብሮ ይጎዳል። ስሜቱን ያጣ እጅ የጋለ ድስት ሲነካ አይሸሽም፤ የተወጋ እግርም እሾሁን ሳያውቅ ይራመዳል። ጣት የሚያጥረው እንዲህ ባለ፣ ሕመም በማያስታውቀው ተደጋጋሚ ቁስልና ኢንፌክሽን ነው።

አብዛኛው ሰው በሽታውን በተፈጥሮው ይቋቋማል። የተያዘም ቢሆን በ6 ወይም በ12 ወር የጥምር መድኃኒት ሕክምና ይድናል፤ ሕክምናውን ከጀመረም ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ሥራውን የጀመረው በዚሁ በሽታ ላይ ነው።

እንግዲህ የቀረው ትልቁ እንቅፋት በሽተኛውን የሚያስደብቀው ፍርሃት ነው። በገላችን ላይ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ብናይ ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ለረጅም ጊዜ የተጎዳን ነርቭ ግን አይመልስም።