የተራራ ብስክሌት መዝለያ ደህንነት ከከፍታው ባሻገር በማረፊያው ቅርጽ ይወሰናል

በተራራ ብስክሌት መንገዶች ላይ ከአፈር የሚሠሩ መዝለያዎች የሚያስከትሉት አደጋ በከፍታቸው ብቻ የሚለካ አይደለም። መነሻውና ማረፊያው ካልተጣጣሙ ዝቅተኛ የሆነው መዝለያም ለከባድ ጉዳት ሊዳርግ ይችላል።

በስፖርቱ ከሚታወቁት ሥፍራዎች አንዱ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት የሚገኘው የዊስለር የብስክሌት ፓርክ ሲሆን፣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። የዊስለር ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ በ2003 የብስክሌት መንገዶች አሠራርና የክብደት ደረጃ የሚመራበትን መስፈርት አውጥቷል።

የመዝለያ ንድፍ መነሻ ፍጥነት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ 30 ዲግሪ ካዘነበለ መወጣጫ የሚነሳ ብስክሌተኛ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያርፋል። ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ርቀቱ ወደ 11 ሜትር ይጠጋል። ፍጥነቱ በሲሶ ሲጨምር ርቀቱ ወደ እጥፍ የሚቃረብ በመሆኑ፣ አጭር ማረፊያ በቀላሉ ይታለፋል።

ብስክሌተኛው በመጀመሪያው ፍጥነት በመነሻው ከፍታ ልክ በሚገኝ ሜዳ ላይ ቢያርፍ የሚደርስበት ምት ከ90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ቁልቁል የመውደቅ ያህል ነው። ማረፊያው ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ቁልቁል ከተዘቀዘቀ ግን መንኮራኩሮቹ የበረራውን አቅጣጫ ተከትለው ስለሚያርፉ ምቱ እጅግ ይቀንሳል።

በመነሻውና በማረፊያው መካከል ያለው ክፍተት በአፈር ተሞልቶ እንደ ገበታ ሲደለደል ደግሞ፣ ርቀቱን መሸፈን ያልቻለ ጀማሪ ከማረፊያው ግንብ ጋር ከመላተም ይድናል። በዊስለር ኤ-ላይን በሚባለው መንገድ ላይ የሚገኙት መዝለያዎች በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ናቸው።

መወጣጫው ወጥ የሆነ ቅስት ሊኖረው ይገባል። ጫፉ ላይ በድንገት ከቆመ የኋላውን ጎማ ወደ ላይ ገፍቶ ብስክሌተኛውን በፊቱ ሊደፋው ይችላል። ለግንባታው ሥርና ቅጠል የተለየለት፣ እርጥበት ያለው ሸክላማ አፈር በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ የሚሠራ ሲሆን፣ የዝናብ ውሃ መውረጃም ይበጅለታል።

ጎርፍና የጎማ ምልልስ ቅርጹን የሚለውጡት በመሆኑ፣ ለግንባታው ፈቃድ የሚሰጥ አካል ኃላፊነት በምረቃው ዕለት አያበቃም። መንገዱ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ልምድ ባላቸው ብስክሌተኞች መሞከሩ፣ የክብደት ደረጃውን የሚያሳይ ምልክት መተከሉና በየጊዜው መፈተሹ የንድፉ አካል ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።