የሕንድ ውቅያኖስ ጅረቶችና ተንሳፋፊ ፕላስቲክ፦ የአልዳብራ ደሴት አብነት

እ.ኤ.አ. በ2019 ከሲሸልስ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በአልዳብራ በተካሄደ የጽዳት ዘመቻ 25 ቶን ያህል ቆሻሻ ተነሣ። ዘመቻውን ተከትሎ የታተመው ጥናት በደሴቲቱ ላይ የቀረውን ከ500 ቶን በላይ ገምቶታል፤ ከዚህም በክብደት 83 በመቶው መረብ፣ ገመድና ሌላ የዓሣ ማስገሪያ ቁሳቁስ፣ 7 በመቶው ደግሞ ነጠላ ጫማ ነው። በአልዳብራ ከጥቂት ተመራማሪዎችና ጥበቃ ሠራተኞች በቀር ነዋሪ የለም። ታዲያ ይህ ሁሉ በምን መንገድ ደረሰ?

ነፋስ የባሕርን ገጽ ሲገፋ ውኃው ነፋሱን በቀጥታ አይከተልም። በምድር መሽከርከር ምክንያት ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ ቀኝ፣ በስተደቡብ ወደ ግራ ያዘነብላል። ኖርዌያዊው ናንሰን እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1896 ፍራም በተባለችው መርከብ ሲጓዝ የባሕር በረዶ ከነፋሱ ወደ ቀኝ እያዘነበለ እንደሚንሳፈፍ አስተውሎ ነበር፤ ስዊድናዊው ኤክማን በ1905 ክሥተቱን በሒሳብ አብራራው። በደቡባዊው ሕንድ ውቅያኖስ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የገጹን ውኃ ወደ ደቡብ፣ ከምዕራብ የሚነፍሰው ደግሞ ወደ ሰሜን ይገፋዋል። ሁለቱ በሚገናኙበት አካባቢ ውኃው ቀስ በቀስ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ፕላስቲኩ ግን መስመጥ ስለማይችል ከላይ ይቀራል።

ሰሜናዊው ክፍል ከዚህ ይለያል። በስተሰሜን በእስያ የብስ የተዘጋ ነው፤ የሞንሱን ነፋስም በየዓመቱ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ የሶማሊያ ጅረት እንኳ በበጋና በክረምት በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈስሳል። ስለሆነም በዚያ ያለ ቆሻሻ ረግቶ የሚከማችበት ስፍራ አያገኝም፤ ወይ ተመልሶ በባሕር ዳር ይጣላል፣ ወይ የምድር ወገብን ተሻግሮ ወደ ደቡብ ያልፋል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚፈስሰው የደቡብ ወገብ ጅረት ደግሞ ከኢንዶኔዥያ አቅጣጫ የመጣውን ወደ ሲሸልስና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያደርሳል።

ሆኖም ጅረቱ ብቻውን መልስ አይሆንም፤ የዕቃው ቅርጽም ይወስናል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 የጠፋው የማሌዥያ አውሮፕላን የክንፍ ክፋይ ከ16 ወራት በኋላ በሬዩንዮን ደሴት ተገኘ። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ክፋይ ባሕር ላይ ጥለው ሲፈትኑ፣ ቀድሞ ከተጠቀሙባቸው ምስለ ቅርጾች ይልቅ እንደሚፈጥንና ከነፋሱ ወደ ግራ እንደሚያዘነብል ተረዱ። ከውኃው በላይ ብቅ ያለ ነገር ነፋስ ይወስደዋል፤ የተዘፈቀ መረብ ግን ለጅረቱ ይገዛል። ነጠላ ጫማና መረብ በአንድ ባሕር ዳር መገኘታቸው በአንድ መንገድ መምጣታቸውን አያሳይም።

በእኔ አስተያየት የአልዳብራ አኃዝ ትልቁ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የሥርጭት ሞዴሎች ጉዞውን የሚጀምሩት ከወንዝ አፍና ከባሕር ዳር ከተሞች ነው። ይህ ለነጠላ ጫማው ይስማማል። መረቡ ግን ከባሕር ዳር የተነሣ ሳይሆን ባሕር ላይ የተጣለ ነው፤ መነሻውም መርከቦቹ ቱናና ሌላ ዓሣ በሚያሰግሩበት ስፍራ ሊፈለግ ይገባዋል። ነገሩ የስሌት ጉዳይ ብቻ አይደለም፦ የቀረውን ለማንሣት 4.68 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚያስፈልግ በዚያው ጥናት ተገምቷል፤ ሞዴሉ መነሻውን የሚያስቀምጥበት ቦታም ወጪው ከማን እንደሚጠየቅ ያመለክታል።