ከጓሯችሁ በላይ ያለው አየር የማን ነው? ድሮንና የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ

ድሮን ያለው ጎረቤት አላችሁ እንበል። ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ወጥታችሁ ቁጭ ባላችሁበት የንብ መንጋ የሚመስል ድምፅ ከላይ ይመጣል። ቀና ስትሉ ካሜራ የተገጠመለት ድሮን ከጣሪያችሁ ከፍ ብሎ ቆሟል። ልጁ መሬታችሁን አልረገጠም፣ አጥራችሁንም አልነካም። ታዲያ ጥፋት ሠርቷል ወይስ አልሠራም? አሜሪካ ውስጥ ከሆናችሁ መልሱ እንደምትኖሩበት ግዛት ይለያያል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ ድሮን የሚባል ነገር በየሱቁ መሸጥ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት ወደነበሩ ዶሮዎች መመለስ አለብን። አዎ፣ ዶሮዎች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶማስ ኮዝቢ የተባሉ ሰው በኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ ከግሪንስቦሮ ከተማ አቅራቢያ ዶሮ ያረቡ ነበር። ቤታቸው ከአንድ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። ጦሩ ማረፊያውን መጠቀም ሲጀምር ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በግቢያቸው ላይ በ83 ጫማ፣ ማለትም በ25 ሜትር ገደማ ከፍታ ማለፍ ጀመሩ። ከረጅሙ ዛፍ ጫፍ በላይ የሚቀረው 18 ጫማ ብቻ ነበር። ዶሮዎቹ በድንጋጤ እየበረሩ ከግድግዳ ጋር ይላተማሉ፤ 150 ያህሉ በዚህ መንገድ አለቁ። ሰውየው እርባታውን ለመተው ተገደዱና መንግሥትን ከሰሱ።

ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1946 ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ በአንድ እጁ ነሣ፣ በሌላው ሰጠ። «መሬት ያለው ሰው ከመሬቱ በላይ ያለው ሰማይ ሁሉ የእሱ ነው» የሚለውን ጥንታዊ የሕግ አባባል በዘመናዊው ዓለም ቦታ የለውም ብሎ ጣለው። እውነትም፣ አባባሉ ቢጸና ከኒውዮርክ ሎስ አንጀለስ የሚበር አውሮፕላን ሁሉ በሺዎች በሚቆጠሩ ባለመሬቶች ሊከሰስ ነው። ነገር ግን ባለመሬቱ ቢያንስ ከመሬቱ ጋር አያይዞ ሊጠቀምበት የሚችለው ያህል አየር የእሱ ነው ሲል ለኮዝቢ ፈረደላቸው። ይህ አየር ስንት ሜትር ድረስ ነው? ፍርድ ቤቱ ቁጥር አላስቀመጠም። 25 ሜትር ላይ ኮዝቢ አሸነፉ፤ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ደግሞ ማንም አያሸንፍም። በመካከል ያለው ክፍት ቀረ። ድሮን ታዲያ የሚበረው እዚያው መካከል ላይ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በአሜሪካ ማን በየት በኩል፣ በምን ያህል ከፍታ ይብረር የሚለውን የሚወስነው የፌደራሉ አቪዬሽን አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍኤኤ ነው። ለኤፍኤኤ ድሮን መጫወቻ አይደለም፤ በሕግ ፊት አውሮፕላን ነው። ለመዝናናት የሚያበር ሰው ከ400 ጫማ (122 ሜትር ገደማ) በላይ አይወጣም፣ ድሮኑን ከዓይኑ አያርቅም፣ በነፃ የሚሰጥ አጭር የኢንተርኔት ፈተና ያልፋል። ድሮኑ 250 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በ5 ዶላር ያስመዘግባል፤ ምዝገባው ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ሳያስመዘግብ ያበረረ እስከ 27,500 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ጉዳዩ ወደ ወንጀል ከዞረ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት እስራት አለ።

250 ግራም የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ይሄ ደስ የሚል የፊዚክስ ጥያቄ ነው። በ2015 ኤፍኤኤ የሰበሰበው የባለሙያዎች ቡድን ከላይ የሚወድቅ ድሮን ሰው ጭንቅላት ላይ ቢያርፍ ምን ይሆናል ብሎ ተነሳ። መነሻው 80 ጁል ነው። ይህ 8 ኪሎ ዕቃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚኖረው ጉልበት ያህል ሲሆን፣ ጭንቅላት ላይ ካረፈ የመግደል ዕድሉ 30 በመቶ ነው ተብሎ ተወሰደ። አነስተኛ ድሮን ሲወድቅ አየሩ ስለሚገታው ፍጥነቱ ያለ ገደብ አይጨምርም፤ በሴኮንድ 25 ሜትር ገደማ ላይ ይረጋል ብለው አሰቡ። የእንቅስቃሴ ጉልበት ደግሞ የክብደትና የፍጥነት ካሬ ብዜት ግማሽ ነው። እስኪ ራሳችሁ አስሉት፦ 2 ሲባዛ በ80፣ ሲካፈል ለ25 ካሬ። 0.256 ኪሎ ይመጣል። ገበያው 249 ግራም በሚመዝኑ ድሮኖች የተሞላው በዚህች ስሌት ምክንያት ነው።

እንግዲህ ሰማዩ የፌደራል መንግሥት ከሆነ ግዛቶች ምን ቀራቸው? የማሳቹሴትስ ግዛት ከተማ የሆነችው ኒውተን ይህን በከባዱ መንገድ ተማረች። ከባለቤቱ ፈቃድ ውጪ በግል መሬት ላይ ከ400 ጫማ በታች ድሮን ማብረር ክልክል ነው የሚል ደንብ አወጣች። በ2017 የፌደራል ዳኛ ደንቡን ሰረዘው። አመክንዮው ቀላል ነው፦ ኤፍኤኤ ከ400 ጫማ በላይ አትውጡ ይላል፣ ከተማዋ ከ400 ጫማ በታች አትብረሩ ትላለች። ታዲያ በየት ይበረራል?

ስለዚህ ግዛቶች ዓይናቸውን ከበረራው ወደ አብራሪው አዞሩ። ምን ልታደርግ ነው ያበረርከው? ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄውን ግን ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው የጠየቀው።

ቨርጂኒያን እንውሰድ፤ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ናት። ሰውን ለማስፈራራት ወይም ለማዋከብ ብሎ በሰው ግቢ ውስጥ ከመኖሪያ ቤቱ 50 ጫማ (15 ሜትር) ርቀት ድረስ ድሮን ያስጠጋ ሰው ቀላል በሚባለው የወንጀል መደብ ከፍተኛው ደረጃ ይከሰሳል። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። «አታብርብኝ» ተብሎ ከተነገረው በኋላ የደገመም ያው ነው፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን። ኔቫዳ ደግሞ በ250 ጫማ ነው የምትለካው። ባለቤቱ አንዴ አስጠንቅቆ ድሮኑ እንደገና ከዚያ በታች ዝቅ ብሎ ከመጣ መክሰስና ካሳ መጠየቅ ይችላል። ካሊፎርኒያ በ2015 ሁለት ሕግ ቀርቦላት ነበር። በ350 ጫማ መስመር የሚያሰምረውን አገረ ገዥው አልፈርምም አሉ። የሰውን የግል ሕይወት ለመቅረጽ ድሮን ወደ ግቢው አየር የሚያስገባን ከ5,000 እስከ 50,000 ዶላር የሚያስቀጣው ግን ጸደቀ። እዚያ ታዋቂ ሰዎችን የሚያሳድዱ ፎቶ አንሺዎች ስለሚበዙ ነገሩ አይገርምም።

ቴክሳስ ከሁሉም ታከራክራለች። በ2013 ባወጣችው ሕግ የግል ንብረትን ወይም እዚያ ያለን ሰው ለመሰለል አስቦ በድሮን ምስል ያነሳ እስከ 500 ዶላር ይቀጣል። ምስሉን ለሌላ ያሳየ ወይም ያሰራጨ ደግሞ እስከ 180 ቀን ሊታሰር ይችላል፤ ባለንብረቱም በፍትሐ ብሔር እስከ 10,000 ዶላር ሊያስከፍለው ይችላል። ማንሳቱን እንዳወቀ ወዲያው ያጠፋው ሰው ግን በፍርድ ቤት ይህንኑ መከላከያ አድርጎ ማቅረብ ይችላል።

ጥሩ ሕግ ይመስላል አይደል? ከአንድ ዓመት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። በ2012 መጀመሪያ ዳላስ ውስጥ ለመዝናናት የሚያበር አንድ ሰው ካሜራ በያዘ በራሪው ያነሳቸውን ፎቶዎች ሲያይ ወንዙ በአንድ በኩል ቀይ ሆኖ አገኘው። ከሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የሚወጣ የአሳማ ደም ነበር። ለባለሥልጣናት አሳወቀና ምርመራ ተጀመረ። አዲሱ ሕግ ሲወጣ ብዙዎች የጠየቁት እንዲህ ያለውን ነው፦ ቀጣዩ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ቢያይ ያሳያል ወይስ ፈርቶ ያጠፋዋል? ጋዜጠኞች ከሰሱ፤ በ2022 የፌደራል ዳኛ የሕጉን ዋና ዋና ክፍሎች ሻረ፣ በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ገለበጠና ሕጉ ተመለሰ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጓሮን ከሰላይ መጠበቅና ፋብሪካን ከዓይን መከለል አንድ አይደሉም። የቴክሳስ ሕግ ለሁለቱም አንድ መጋረጃ ነው የሰፋላቸው።

«ሕጉ ከተምታታ ራሴ አወርደዋለሁ» የሚልም አይጠፋም። በ2015 ኬንታኪ ውስጥ አንድ አባት ይህን ነው ያደረገው። ድሮኑ ልጆቼ ካሉበት ጓሮ በላይ ቆሞ ነበር አለና በአደን ጠመንጃ መታው። የድሮኑ ባለቤት ደግሞ የበረራ መዝገቡን አውጥቶ፣ ድሮኑ ሰውየው ከሚለው በጣም ከፍ ብሎ ነበር አለ። (ድሮን በየሴኮንዱ ያለበትን ቦታና ከፍታ ስለሚመዘግብ እንዲህ ያለ ክርክር ላይ ከሰው ዓይን ይልቅ እሱ ይጠቅማል።) የወረዳው ዳኛ ተኳሹን በነፃ አሰናበቱ። ባለቤቱ ወደ ፌደራል ፍርድ ቤት ሄደ፤ «ይህ አየር የማን ነው?» ብሎ በቀጥታ እንዲመለስለት። በ2017 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ የእኔ ሥልጣን አይደለም ብሎ ዘጋው። ከዚህ ታሪክ ግን መተኮስ ይቻላል ብላችሁ እንዳትወጡ። ድሮን አውሮፕላን ነው ብለናል፤ አውሮፕላንን ሆን ብሎ ማውደም ደግሞ በፌደራል ሕግ እስከ 20 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው።

አንድ ነገር ለዲሲ አካባቢ ልጆች፣ በተለይ የሠርግ ቪዲዮ ለምትሠሩ። ሙሽሮቹ ከሊሞዚን ሲወርዱ ከላይ መቅረጽ ያምራል፣ ይገባኛል። ነገር ግን ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ በ15 ማይል (24 ኪሎ ሜትር) ክልል ውስጥ ያለ ኤፍኤኤ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም በዚህ ክብ ውስጥ ናቸው። ይህ የሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ ሕግ ስላልሆነ የግዛቱን ሕግ አንብቦ «ነፃ ነኝ» ማለት አይሠራም። በሌላ ቦታም ቢሆን በገንዘብ የምትሠሩ ከሆነ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ ዕድሜ ከ16 ጀምሮ ነው፣ ፈተናውም ከመዝናኛው በጣም ይከብዳል።

እስካሁን ስለ ጓሮና ስለ ካሜራ ብዙ አወራን። ቅጣቱ ይህን ያህል የከበደበት ሌላው ምክንያት ግን ጥር 2025 ሎስ አንጀለስ ሲቃጠል ታየ። አንድ ሰው ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ፎቅ አናት ላይ ሆኖ እሳቱን ለማየት ድሮን አስነሳ። ከ2,500 ሜትር በላይ ሲርቅ ድሮኑ ከዓይኑ ጠፋ። ከኩቤክ ለእርዳታ የመጣ፣ ከባሕር ውኃ እየቀዳ እሳት የሚያጠፋ አውሮፕላን ሁለት ሰው ይዞ ሲያልፍ ተጋጩ። ክንፉ ላይ 8 በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ቀዳዳ ተገኘ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ ሆኖም ከተማው እየነደደ ለቀናት ቆመ።

ቅድም ወዳሰላነው እንመለስ። 250 ግራም ድሮን ከላይ ሲወድቅ ጉልበቱ 80 ጁል ነው። ያው ድሮን አየር ላይ ቆሞ በሴኮንድ 70 ሜትር የሚበር አውሮፕላን ቢመታው ግን 600 ጁል ያልፋል። የምዝገባው ገደብ የተሰላው መሬት ላይ ላለ ሰው ጭንቅላት ነው፤ ለአውሮፕላን ክንፍ አይደለም። ከ250 ግራም በታች ያለ ድሮን አይመዘገብም እንጂ ከሕጉ ውጪ አይደለም የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሰውየው ጥፋቱን አመነ፤ ከ65,000 ዶላር በላይ የጥገና ወጪ ለመክፈልና 150 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ለመሥራት ተስማማ። እሳት በሚጠፋበት አካባቢ ድሮን ማብረር በፌደራል ሕግ እስከ አንድ ዓመት ያሳስራል፤ ኤፍኤኤ ከዚህ በተጨማሪ እስከ 75,000 ዶላር መቅጣት ይችላል። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ደግሞ መመዝገብ ያለበት ድሮን ሁሉ፣ በተፈቀዱ ጥቂት ቦታዎች ካልሆነ በስተቀር፣ ሲበር ማንነቱንና ያለበትን ቦታ በሬዲዮ እያሰራጨ መሆን አለበት። አብዛኞቹ አዳዲስ ድሮኖች ከራሳቸው ሌላ መቆጣጠሪያውን የያዘው ሰው የቆመበትንም ቦታ ያሰራጫሉ።

የቅዳሜው ጎረቤታችሁስ? ቨርጂኒያ ከሆነ ሄዳችሁ «ሁለተኛ እንዳታመጣብን» በሉት፤ ሕጉ እንዲሠራላችሁ መጀመሪያ መናገር አለባችሁ። ኔቫዳም እንደዚያው ነው። ቴክሳስ ከሆነ ጥያቄው ካሜራው ምን እንዳነሳና ለምን እንዳነሳ ነው። ከጣሪያችሁ በላይ አየራችሁ ስንት ሜትር ላይ እንደሚያልቅ ግን ከ1946 ጀምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልተናገረም።