የከሰል አመድና የጉድጓድ ውሃ

በአሜሪካ ቤት ለመግዛት ስንነሳ ስለ ወለዱ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤትና ከሥራ ቦታ ስላለው ርቀት አጥብቀን እንጠይቃለን። ስለ ውሃው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ ሁሉ የተመረመረ ይመስለናልና። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የመጠጥ ውሃ ደኅንነት ሕግ የሚቆጣጠረው የሕዝብ ውሃ አቅራቢዎችን እንጂ የግል ጉድጓድን አይደለም። ከከተማ ራቅ ብሎ ባለ ጉድጓድ ቤት የገዛ ሰው የውሃው ተቆጣጣሪ እሱ ራሱ ነው። በአቅራቢያው በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ካለ ወይም ከነበረ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል።

ለምን ቢሉ፣ በከሰል ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙት አርሴኒክ፣ እርሳስ፣ ክሮሚየምና ሴሌኒየም ከሰሉ ሲነድ አብረው አይጠፉም፤ አብዛኛው በአመዱ ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። ማመንጫዎቹ ይህን አመድ ከውሃ ጋር እየቀላቀሉ በአጠገባቸው ባሉ ኩሬዎች ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። ብዙዎቹ ኩሬዎች ከሥራቸው ምንም መከላከያ ንጣፍ ስለሌላቸው መርዙ ቀስ በቀስ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል።

ሕዝብ የነቃው ግን በድንገተኛ አደጋ ነው። ዲሴምበር 22 ቀን 2008 በቴነሲ ግዛት፣ ኪንግስተን በተባለ ቦታ የአመድ ክትር ተደርምሶ ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚበልጥ የአመድ ጭቃ ወንዝና 300 ኤከር ያህል ቦታ አለበሰ። በፌብሩዋሪ 2014 በኖርዝ ካሮላይና ከኩሬ ሥር የተቀበረ ቱቦ ተሰብሮ 39,000 ቶን የሚገመት አመድ ዳን ወንዝ ገባ። የማመንጫው ባለቤት ዱክ ኢነርጂ በዚህና በሌሎች ማመንጫዎቹ ለፈጸመው ጥፋት በ2015 ጥፋተኝነቱን አምኖ 102 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በዚያው ዓመት የግዛቱ ጤና ባለሥልጣናት በአመድ ኩሬዎች አካባቢ ለሚኖሩ በመቶ ለሚቆጠሩ ባለ ጉድጓዶች «ውሃውን አትጠጡ» የሚል ደብዳቤ ላኩ። ምክንያቱ በውሃው ውስጥ የተገኙት ቫናዲየምና ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ነበሩ። ኩባንያው እነዚህ ከአካባቢው ዐለት የሚመጡ ናቸው ብሎ ተከራከረ፤ በ2016 ማስጠንቀቂያው ተነሣ። ነዋሪው ማንን ይመን? በመጨረሻ በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ኩባንያው ከኩሬዎቹ በግማሽ ማይል ክልል ውስጥ ላሉ ባለ ጉድጓዶች ቋሚ ንጹሕ ውሃ እንዲያቀርብ አስገደደ።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ሊያሳስተን ይችላል። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ አርሴኒክን ግን አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። ቀለም፣ ሽታና ጣዕምም አይናገሩም። ጉዳቱ ለዓመታት ሲጠራቀም ቆይቶ በካንሰር ሊገለጥ ይችላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቤቱ ባለ ጉድጓድ ከሆነ ከመፈራረም በፊት ውሃውን ፈቃድ ባለው ላቦራቶሪ ማስመርመር ነው፤ አርሴኒክ፣ እርሳስና ክሮሚየም እንዲመረመሩ በስም ይጠይቁ። በአሜሪካ ለሕዝብ ውሃ የተፈቀደው የአርሴኒክ ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የፌዴራል ደንብ ማመንጫዎች በአመድ ኩሬ ዙሪያ ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ መርምረው ውጤቱን በድረ ገጻቸው እንዲያወጡ ያዛል። ይህን አይቶ መወሰን የገዢው ፋንታ ነው። የቤቱ ዕዳ ለ30 ዓመት ነው፤ ውሃው ግን ለልጆቻችን ዕድሜ ልክ ነው።